አይሪሽ ኮፊ በእማዬ ቤት

አይሪሽ ኮፊ ውስጥ የሚገባው ነገር አራት ብቻ ነው፦ ትኩስ ቡና፣ ስኳር፣ የአየርላንድ ውስኪና ክሬም። ዓለም አቀፉ የባርቴንደሮች ማኅበር የሚጠቀምበት ልክ 120 ሚሊ ሊትር ቡና፣ 50 ሚሊ ሊትር ውስኪ፣ 50 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ክሬምና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይላል። እኔ የምኖረው አማን ነው። ቡናው ከጓሮ፣ ወተቱ ከጎረቤት፣ ስኳሩ ከሱቅ ይገኛል። እንግዳው ውስኪው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እማዬ ቤት አይገባም። ክልከላው ከተጣለ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ውስኪ ብቻ አይደለም፣ አረቄም፣ ቢራም፣ ለበዓል የሚጠመቀው ጠላም አይገባም።

ስለዚህ የምጽፈው ነገር ግማሹ አሠራር ነው፣ ግማሹ ደግሞ ፈቃድ ስለመጠየቅ።

ሶፍትዌር ነው የምሠራው። 28 ዓመቴ ነው። ምህንድስና ተምሬ፣ አዲስ አበባ አራት ዓመት ቢሮ ተቀምጬ ከሠራሁ በኋላ ላፕቶፔን ይዤ ወደ አማን ተመለስኩ። መብራትና ኔትወርክ እስካለ ድረስ የትም ብሆን አለቃዬ ግድ የለውም። (እስካለ ድረስ የምትለዋ ቃል ብዙ ነገር ተሸክማለች፣ እሱን እንተወው።) ቀኑን ሙሉ ኮድ ሲጽፍ የዋለ ሰው ማታ ላይ በእጁ የሚነካው፣ የሚቀላቅለው፣ ሲበላሽ ወዲያው የሚታየው ነገር ያምረዋል። አንዳንዱ ዳቦ ይጋግራል። እኔና ሁለት የአዲስ አበባ ጓደኞቼ መጠጥ መቀላቀል ለመድን። ወር በገባ አንዳችን ቤት ተሰብስበን አንድ መጠጥ በልኩ ሠርተን፣ አንድ አንድ ብርጭቆ ጠጥተን፣ ስለሱ ስንከራከር እናመሻለን። እኔ ወደ አማን ስመለስ ልማዱ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ እነሱ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው እንደሚመጡ ደወሉልኝ። አንድ ጠርሙስ ጄምሰን ይዘው!

ምን እንደምንሠራ ለማሰብ ደቂቃም አልፈጀብኝም። ቡና አገር ተቀምጦ ሌላ ነገር መሥራት ነውር ነው።

ታሪኩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። አየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ ላይ፣ የሻነን ወንዝ ወደ ባሕር ሲደርስ በሚሰፋበት ቦታ፣ ፎይንስ የምትባል ትንሽ የወደብ መንደር አለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚያሻግሩት አውሮፕላኖች ውሃ ላይ የሚያርፉ ነበሩና ፎይንስ አንዷ ዋና ማረፊያቸው ነበረች። በ1943 እ.ኤ.አ.፣ በብርዱ ወራት፣ ወደ አሜሪካ የተነሳ አንድ አውሮፕላን አየሩ ስለከፋበት ከሰዓታት በረራ በኋላ ተመለሰ። የማረፊያው ምግብ ቤት ሼፍ ጆ ሸሪዳን በብርድ ለደረቁት መንገደኞች ቡናቸው ላይ ውስኪ ጨመረላቸው። አንዱ መንገደኛ ቀምሶ የብራዚል ቡና ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሸሪዳን አይደለም፣ የአየርላንድ ቡና ነው ብሎ መለሰ ይባላል።

ቀልድ ነው፤ ግን አማን ላይ ሆኖ ለሚያነበው ሰው ትንሽ ይቆረቁራል። አየርላንድ ውስጥ አንዲት የቡና ዛፍ የለችም። ጽዋው ውስጥ ያለው ቡና የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ የጠየቀውም ብራዚልን ነው የጠራው። እኛ ሰፈር ደግሞ የተገላቢጦሽ ታሪክ አለን። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከደቡብ ምዕራቡ ደን የተወሰደ የቡና ዘር በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ ኮስታ ሪካ ገባ፤ ከዚያ ፓናማ ተሻገረ። በ2004 እ.ኤ.አ. ፓናማ ውስጥ በተደረገ ውድድር ላ ኤስሜራልዳ የሚባለው እርሻ ያንን ቡና አቅርቦ ሲያሸንፍ ዓለም ጉድ አለ። ስሙ ጌሻ ነው፣ የቦታ ስም። ፈረንጆቹ ግን አጻጻፉን «ጌይሻ» አድርገውት የጃፓን ሴት አስመሰሉት። ስለዚህ በስም ጉዳይ ቡና ዕድለኛ ተክል አይደለም። አለቀ፣ ወደ ብርጭቋችን።

አይሪሽ ኮፊ ዓለምን የዞረው ግን ከፎይንስ አይደለም። ስታንተን ዴላፕሌን የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጠኛ አየርላንድ ውስጥ ቀምሶት ነበርና በኅዳር 1952 እ.ኤ.አ. ብዌና ቪስታ ከሚባለው ካፌ ባለቤት ከጃክ ኬፕለር ጋር ተቀምጦ ሊሠራው ሞከረ። ጣዕሙ መጣላቸው። ክሬሙ ግን እየሰመጠ አስቸገራቸው። ኬፕለር ለዚህ ሲል አየርላንድ ድረስ ሄዷል ይባላል። መፍትሔው የተገኘው የወተት ድርጅት ከነበረውና በኋላ የከተማዋ ከንቲባ ከሆነው ከጆርጅ ክሪስቶፈር ነው፤ ክሬሙ 48 ሰዓት ይደር፣ ከዚያ በትክክለኛው ውፍረት ይመታ አላቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ፈቃዱ።

አባዬ ቡና ሰብሳቢ ነበር። እሸትም ጀንፈልም ከገበሬ ይገዛል፣ ለአቅራቢ ያስረክባል። በዚህ ሥራ ገንዘብ የሚታየው በዓመት ለጥቂት ወራት ነው፤ በእነዚያ ወራት ደግሞ ሒሳብ የሚዘጋው አረቄ ቤት ነው። የአረቄዋን ትንሽ ብርጭቆ ምን እንደምንላት ታውቃላችሁ፦ መለኪያ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚገርመኝ ስም ነው። አባዬ በመለኪያ ነበር የሚጠጣው፣ ግን ለክቶ አያውቅም። የቡና ወቅት ሲያልቅ ገንዘቡ ያልቃል፣ መለኪያዋ ግን አታልቅም፤ በዱቤ ትቀጥላለች።

ጠዋት ጠዋት እማዬ ታስነሳዋለች። ቡናውን ወፍራም አድርጋ ታፈላና ጤና አዳም ጣል አድርጋበት አቦሉን ለእሱ ትቀዳለታለች። ያ ቡና ለእኔ ለልጁ የሆነ ውጊያ ይመስለኝ ነበር። ማታ አረቄው ይወስደዋል፣ ጠዋት ቡናው ይመልሰዋል። በሦስተኛው ስኒ አባዬ እንደገና አባዬ ይሆናል፤ ይቀልዳል፣ ደብተሬን ያያል። ለዓመታት ቡናው ያሸነፈ መስሎን ነበር። ጉበቱ ግን የሚያውቀው ሌላ ነበር።

ቡና ስካርን አያበርድም። ጉበት አልኮሉን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ነው፤ አቦልም ሆነ በረካ አያፋጥኑትም። ቡና የሚያደርገው ነገር ሰውየውን ማንቃት ብቻ ነው፤ ማለትም ንቁ ሰካራም ይሆናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 እ.ኤ.አ. አልኮል ላይ ካፌይን እየጨመሩ ለሚሸጡ አራት ድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጻፈው በዚሁ ምክንያት ነው፦ ጠጪው የሰከረ አይመስለውም፣ ስለዚህ ይጨምራል። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም። የሃያ ዓመት ጠዋቷን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልወስድባትም።

እንግዲህ ለምን እንደከበደኝ ገብቷችኋል። ሌላ ቤት ውስጥ አይሪሽ ኮፊ ማለት ሁለት የሚጣፍጡ ነገሮችን መቀላቀል ነው። እኛ ቤት ግን ሁለቱ ተፋላሚዎች ናቸው፤ ቡናው ደግሞ በእሷ ወገን የቆመው ነው።

ቀጥታ ጠየቅኳት። ዞር ብዬ ጓደኛ ቤት መሥራት እችል ነበር፤ አማን ውስጥ ቤት አይጠፋም። ግን በእሷ ቡና፣ በእሷ ግቢ ተቀምጬ ልደብቃት አልፈለግኩም። አባዬም ይደብቅ ነበርና።

«እማዬ፣ ጓደኞቼ ሲመጡ ቡና ላይ ውስኪ ጨምረን አንድ አንድ ልንጠጣ ነው። እዚሁ። ካልፈቀድሽ እንተወዋለን።»

ጀንፈል እያበጠረች ነበር። ሰፌዱን አላስቀመጠችም።

«ውስኪ ምንድን ነው?» አለችኝ። ስሙን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። አስረዳ ማለቷ ነው።

አስረዳኋት። ገብስ ይበቅላል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ ይጠነሰሳል፣ ከዚያ በእሳት እንፋሎቱ ይወጣል። የአየርላንዱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጊዜ ይወጣል። ከዚያ በእንጨት በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቀመጣል፤ ቀለሙም የሚመጣው ከእንጨቱ ነው።

«እና አረቄ ነዋ!» አለች።

ምን ልበላት? ነው እኮ። ዳግም አረቄ የሚያወጡ የሰፈራችን ሴቶች የአየርላንድ ፋብሪካ ውስጥ ቢገቡ ግራ የሚያጋባቸው ነገር የሚበዛ አይመስለኝም፤ ማሰሮው በመዳብ መሠራቱና መጠኑ ብቻ ነው የሚያስደንቃቸው። ልዩነቱ በርሜሉና ትዕግሥቱ ነው። ውስኪ ሦስት ዓመት የታሰረ አረቄ ነው ብዬ መለስኩላት፤ ትንሽ ፈገግ አለች። ከዚያ ቅድመ ሁኔታዋን ደረደረች። በጀበናዬ አይሆንም። በስኒዬም አይሆንም። ስንት እንደሚቀዳ እኔ አያለሁ። ጠርሙሱ ከእንግዶቹ ጋር ይመጣል፣ ከእንግዶቹ ጋር ይሄዳል።

ተስማማን።

ስለ ጠርሙሱ አንድ ነገር ልበል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃ በባንክ ምንዛሬ እንዳይገባ ሲያግድ መጠጦችም ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ፤ እገዳው የተነሳው በሐምሌ 2016 ነው። ዋጋው ግን ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ዕቃ ውድ ሲሆን ደግሞ ባዶ ጠርሙስ እየሞላ የሚሸጥ አይጠፋም። ክዳኑ የላላ፣ ማኅተሙ የተነካካ፣ ዋጋው ደግሞ ደስ የሚል ውስኪ ካያችሁ እለፉት፤ ምን እንደተቀላቀለበት አታውቁም፣ ዓይንንም ሕይወትንም የሚወስድ ነገር ሊሆን ይችላል። ጓደኞቼን ከታወቀ ሱቅ፣ በደረሰኝ ግዙ ያልኳቸው ለዚህ ነው። አሳቁብኝ፣ ግን ገዙ።

አሁን አሠራሩ። ሥራው የሚጀምረው ከሁለት ቀን በፊት ነው።

ክሬም። አማን ውስጥ የሚመታ ክሬም በካርቶን ታሽጎ የሚሸጥበት ሱቅ አላገኘሁም፤ ባገኝም የመብራቱን ነገር ስለማውቅ አላምነውም። ስለዚህ ከጎረቤት ሦስት ሊትር ወተት ገዛን። የሐበሻ ላም ወተቷ ትንሽ ቢሆንም ስቡ ከፈረንጇ ይበልጣል፤ ለዚህ ሥራ እሷን የመሰለ የለም። ወተቱን አላፈላነውም። 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ አቆየነው፤ ጀርሙ ይሞታል፣ ስቡ ግን አይበላሽም። ቴርሞሜትር ይዤ ምድጃ ላይ ስቆም እማዬ ወተቱን ሕመምተኛ አስመሰልከው አለችኝ። ከዚያ በሰፊ ሳህን አድርገን ፍሪጅ ውስጥ አሳደርነው። ጠዋት ላይ ስልባቦቱ ወደ ላይ ወጥቶ ቢጫ ሆኖ ተንሳፎ ነበር። በማንኪያ ገፈን ሌላ ሌሊት አሳደርነው። የሳን ፍራንሲስኮው የወተት ሰው ያለው 48 ሰዓት እንግዲህ ይኼ ነው።

ለምን ማደር አለበት? ሲቀዘቅዝ የስቡ ቅንጣቶች ይጠነክራሉ፤ ሲመታ እርስ በርስ ተያይዘው አየር የሚይዙት ያኔ ነው። ሞቅ ያለ ክሬም ብትመቱት ዝም ብሎ ይፈሳል።

ቡና። ጀበናውን ስለተከለከልኩ በትንሽ ድስት አፈላሁት። የእኛ ጓሮ ቡና ነው፣ በፀሐይ ከነገለፈቱ የደረቀ። ከተለመደው ትንሽ ቀለል አድርጌ ቆላሁት፤ ጠቁሮ ከተቆላ ከውስኪው ጋር ተዳምሮ መራራ ብቻ ይሆናል። አፍልቶ ማስቀመጥና አተላው እስኪሰክን መጠበቅ ግድ ነው። ቀጭን ቡና አይሆንም፣ ውስኪው ይውጠዋል።

ስኳር። «እኔ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው» የምትሉ ወገኖች፣ አከብራችኋለሁ፣ ግን እዚህ ላይ አይሠራም። ስኳሩ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ውስኪ ከውሃ ይቀላል፤ ቡናው ላይ ሲገባ ፈሳሹ በሙሉ ቀለል ይላል። ያን ጊዜ ክሬሙ የሚንሳፈፍበት ያጣና ወደ ታች ይወርዳል። ስኳሩ ሲሟሟ ፈሳሹን መልሶ ያከብደዋል። ዴላፕሌንና ኬፕለርን ያንገላታቸው ነገር ሰባተኛ ክፍል ከተማርነው የእፍግታ ትምህርት አያልፍም። እኔ ሁለት የሻይ ማንኪያ አደርጋለሁ፣ ማኅበሩ ይቅር ይበለኝ።

ብርጭቆ። እጀታ ያለው ወፍራም የሻይ ብርጭቆ ይበቃል። መጀመሪያ የፈላ ውሃ ሙሉበትና ድፉት። ብርጭቆው ቀዝቃዛ ከሆነ መጠጡ ክሬሙ ከመድረሱ በፊት ለብ ይላል።

የምሽቱ ዋና ነገር የሆነው ክሬሙን መምታቱ ነበር። መምቻ የለኝም። ስልባቦቱን ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ጨምሬ ክዳኑን አጥብቄ መነቅነቅ ጀመርኩ። ጓደኞቼ ስልክ ላይ ቪዲዮ ከፍተው «ሃያ ሰከንድ ይላል»፣ «አይ፣ አንድ ደቂቃ ይላል» እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ውጭ የእኛ አገር ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ አንሰማማም። እማዬ በር ላይ ቆማ ስታየን ቆየችና መጥታ ሃይላንዱን ከእጄ ወሰደችው።

እማዬ በልጅነቷ ወተት በቅል ስትንጥ ነው ያደገችው። ሃይላንዱን ጭኗ ላይ አስተኝታ ወደፊትና ወደኋላ፣ በዝግታ፣ ወጥ በሆነ ምት ናጠችው። ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ነበር። «ድምፁን ስሙ» አለችን። መጀመሪያ ውሃ ነው የሚመስለው፤ ቸል ቸል ይላል። ከዚያ ይወፍራል፣ ይታፈናል። «ቅቤ ሊሆን ሲል ዝም ይላል። ዝም ከማለቱ በፊት ነው የምትፈልጉት» አለችና ሰጠችኝ። ከፈትኩት። ከማንኪያ ላይ እየዘገየ የሚወርድ፣ ግን የሚወርድ፣ ልክ እንደተባለው። የሦስት ሰው ስልክ ሊነግረን ያልቻለውን በጆሮዋ ጨረሰችው።

ከዚያ ለካን። መለኪያ ፈለግኩ፤ ቤታችን ውስጥ የለም፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የለም። በሳል ሽሮፕ ክዳን ነው የለካነው፣ ሚሊ ሊትሩ ጎኑ ላይ ተጽፎበታል። እማዬ እያየች ለእያንዳንዳችን 50፣ በድምሩ 150። አንዱ ብርጭቆ ውስጥ ያለው አልኮል ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ትንሽ ቢበልጥ ነው አልኳት። ቁጥሩ ምንም አላላትም። ክዳኗን ግን ደጋግማ አየቻት።

ስኳር፣ ቡና፣ ማማሰል፣ ውስኪ፣ እንደገና ማማሰል። የማንኪያውን ጀርባ ከቡናው ገጽ አስጠግቶ ክሬሙን በላዩ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ። ተንሳፈፈ። ከላይ ነጭ፣ ከታች ጥቁር፣ መሐሉ ላይ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል መስመር። ከዚህ በኋላ አይማሰልም! ትኩሱ ቡና በቀዝቃዛው ክሬም ሥር አልፎ ነው ከንፈር የሚደርሰው፤ የመጠጡ ነገር ሁሉ እሱ ነው።

እንዴት ነበር? የእኛ ቡና ራሱ የሆነ የወይን ጠጅ ጠረን አለው፣ በተለይ ከነገለፈቱ የደረቀው። ውስኪው እዚያ ላይ ሲያርፍ ባዕድ አልመሰለኝም። አንዱ ጓደኛዬ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ከጠጣው ጋር አይገናኝም አለ፤ እዚያ የሚሠሩበት ቡና ከማሽን ነው፣ ክሬሙም ከቆርቆሮ ተነፍቶ የሚወጣው። ሌላው ዝም ብሎ ጢሙ ላይ የቀረውን ክሬም እየጠረገ ነበር። አንድ አንድ ነው የጠጣነው። ማንም ሁለተኛ አልጠየቀም፤ የእማዬ ዓይን ባይኖር ምን እንደምንል አላውቅም፣ ግን ነበረ።

ለእሷ አራተኛውን ያለ ውስኪ ሠራሁላት። ቀመሰችና ኮረሪማ ጎድሎታል ብላ ተነሳች። ወቅጣ ክሬሙ ላይ ነሰነሰችበት። እውነቷን ነው፣ የእሷ ይሻል ነበር።

በማግስቱ እንግዶቹ ቦርሳቸውን ሲያስሩ ጠርሙሱን ራሷ አመጣችላቸው። በጨርቅ ጠቅልላዋለች። ከመስጠቷ በፊት ግን ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው፤ ከላይ አራት ጣት ያህል ብቻ ነው የጎደለው። ረጅም ጊዜ ነው ያየችው። «ተከፍቶ አድሮ...» አለችና አልጨረሰችውም። ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

ከሳምንት በኋላ ኮድ ላይ ተቀምጬ ሳለ በሩን ከፍታ ልጆቹ መቼ ነው የሚመለሱት አለችኝ። በወሩ መጨረሻ አልኳት። ለጎረቤት ቀድማ መንገር አለባት፤ ላሟ ልትደርቅ ነው፣ ወተቱ እየቀነሰ ነው። ሁለት ሌሊት ማደር እንዳለበት አትርሺ አልኳት።

«እኔን ነው ወተት የምታስተምረኝ?» ብላ በሩን ዘጋችው።